በአክስቴ አፍንጫ ያለፈ ጨርቅ

መስከረም 18

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምሳሳልዎት አክስቴ፣

ይህች ወረቀት በደህና ቀን እጅዎ ትግባ። ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? ደረጃው ዛሬም ያስቸግርዎታል ወይስ ቀለል ብሎልዎታል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ከናፍቆትዎ በስተቀር የጎደለብኝ የለም።

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት ቅሬታ አለኝ፣ አይቆጡኝ። ሌላው ሰው ለዘመዱ ፎቶ ይልካል። እኛ ቤት ግን ከእናቴ ጊዜ ጀምሮ የሚላከው የተለበሰና ያልታጠበ ሻርፕ ነው። ለሰው ስነግረው አብዳችኋል ይለኛል። እኔ ሻርፔን እልክልዎታለሁ፣ እርስዎ አሽትተው ዓመቴን ይጽፉልኛል። አንድ ጊዜ «ሳሙና ቀይረሻል፤ ጉንፋን ይዞሽ ነበር፤ የምትውይው መስኮት በሌለው ክፍል ነው» ብለው ጽፈውልኝ የስራ ጓደኞቼ ጉድ ብለው ነበር። እውነትም የምንሰራበት ምድር ቤት መስኮት አልነበረውም። ያለፉትን ሁለት ሻርፖች ግን «ደርሶኛል፣ ደህና ነሽ» ብለው ዘጉት። ሁለት ዓመት ሙሉ ደህና የሚሆን ሰው አለ እንዴ እትዬ? ባለፈው ዓመት እኮ ጀርባዬ አልታዘዝ ብሎኝ ሶስት ወር ተኝቻለሁ። ለእርስዎም ለጉልበትዎ የምልክልዎትን ያንን ቅባት ከአንገቴ እስከ ወገቤ ስቀባ ነው የከረምኩት። ሻርፑ ቅባት ቅባት ሲል እንዴት አመለጠዎት?

አሁን ወደ ጉዳዬ። ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት አንሶላ ሳጣጥፍ መኖሬን ያውቃሉ። ጀርባዬ እምቢ ሲል ሐኪሙ ዮጋ ስሪ አለኝ። ዮጋ ማለት ምንጣፍ ላይ ሆኖ፣ በደንብ እየተነፈሱ፣ ሰውነትን ቀስ አድርጎ መዘርጋትና ማጠፍ ነው። መጀመሪያ ስቄበት ነበር። ኋላ ግን ዳንኩበት፣ ተማርኩት፣ ይባስ ብዬ አስተማሪ ሆንኩ። ከብስክሌት መጠገኛ በላይ ያለች አንዲት ክፍል ይዘን ማክሰኞና ቅዳሜ ከአስራ ሁለት ሴቶች ጋር እንሰራለን። ከስር የጎማ ሽታና የመዶሻ ድምፅ ይመጣል። ብስክሌት ጠጋኙ ግን ጨዋ ሰው ነው፣ እኛ ስንጀምር መዶሻውን ያስቀምጣል።

ያስቸገረን ልብሱ ነው። ለዮጋ ተብለው የሚሸጡት፣ እነዚያ ገላ ላይ ልጥፍ የሚሉት ሱሪዎች፣ አብዛኞቹ ክራቸው ከነዳጅ ዘይት የወጣ ነው። በታጠቡ ቁጥር ዓይን የማያየው ብናኝ እየተራገፈ ወደ ወንዝ ይገባል፣ ከወንዝ ወደ ዓሳው ሆድ። ከመካከላችን አንዲት ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህርት አሉ። አንድ ቅዳሜ ተንጋለው ሳሉ «ከምድር ጋር ተስማሙ ትይናለሽ፤ ምድር ግን በሱሪያችን የተስማማች አይመስለኝም» አሉና ክፍሉን በሳቅ ገደሉት። ከዚያ ወዲህ ግን ነገሩ ከሁላችንም ጭንቅላት አልወጣም። ሱቁ ሁሉ ቅጠል የተሳለበት ወረቀት ያንጠለጥላል፤ የትኛው እውነት የትኛው ውሸት እንደሆነ ማን ያውቃል?

እኔም አፌን ሞልቼ «ማቅለሚያ ቤት የምትሰራ አክስት አለችኝ፤ በእሷ አፍንጫ ያላለፈ ጨርቅ ከግቢው አይወጣም» አልኳቸው። ሁሉም በአንድ ድምፅ «እሳቸው ይምረጡልን» አሉ። ጥጥ ይሁን፣ ቀለሙ ገላንም ውሃንም የማይጎዳ ይሁን። እርስዎ ካሸተቱት ለኔ ከማህተም ይበልጣል።

የምትወድዎት የእህትዎ ልጅ


ጥቅምት 12

ለእህቴ ልጅ፣ ለጭራሮዬ፣

ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ የወጣሽበት ይቅናሽ፣ ጀርባሽን እንደ ልጅነትሽ ያድርግልሽ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴም ደህና ነው፣ ደረጃ ሲያይ ብቻ ነው የሚያመው።

ስለ ሻርፑ ያልሽው ልክ ነው። ስራ በዝቶብኝ በጥድፊያ ጽፌልሽ ነው። አትቀየሚኝ።

የዮጋውን ነገር ለስራ ጓደኞቼ አነበብኩላቸው። የመንታዎቹ እናት፣ ያቺ ከጎኔ የምትለቀልቀው፣ ወሬዋ ከውሃው የሚበዛው፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «እኛ ጎንበስ ቀና ስንል ስራ፣ እነሱ ጎንበስ ቀና ሲሉ ትምህርት! እኛማ ሃያ ዓመት ሙሉ ዮጋ ላይ ነን» አለች። ይኸው ከዚያ ቀን ጀምሮ ፎርማኑ በገባ ቁጥር «ዝም በሉ፣ እየተነፈስን ነው» ትለዋለች።

ማቅለሚያ ቤቱ እንደተውሽው ነው። ሰባቱ ማሞቂያ በርሜሎች፣ ረጅሙ የሲሚንቶ ገንዳ፣ ከገንዳው ስር ወደ ወንዙ የሚሄደው ቦይ። የእለቱ ስራ ምን እንደሆነ ቦዩን አይተሽ ታውቂያለሽ፣ አንድ ቀን ቀይ አንድ ቀን ሰማያዊ ይወርዳል። ጨርቁ ከተነከረ በኋላ ቀለሙ እንዳይለቅ ማያዣ ይጨመርበታል። ክፉው እሱ ማያዣው ነው። በደንብ ካልተለቀለቀ ጨርቁ ውስጥ ተደብቆ ይቀርና የለባሹን ቆዳ ይበላል። ሶስት ጊዜ ይለቀለቃል። ከሶስተኛው በኋላ ጥጉን እጨምቃለሁ፣ እፍ ብዬ አሞቀዋለሁ፣ አሸተዋለሁ። ይለፍ ካልኩ ያልፋል፣ ይመለስ ካልኩ ይመለሳል። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ነው።

ስለ ጥያቄሽ ግን ምክሬን ስሚኝ። እዚያው ካላችሁበት ግዙ። ጨርቁን የምትለዪበት ዘዴ አለ። ከዳሩ አንድ ክር ምዘዢና በክብሪት ለኩሺው። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ይነድና አመዱ በጣት ሲነኩት ይበናል። ከነዳጅ የተሰራ ከሆነ ይኮማተርና እንደ ዶቃ ይጠጥራል። ከኛ ይሁን ካላችሁ ደግሞ ያልተነከረውን ልላክላችሁ። ጥጥ የራሱ መልክ ምን አለው? ያልነከሩት ነገር ማንንም አይጎዳም።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ያንን ቅባት ስትልኪ ከረር ያለውን አድርጊው፣ ዓይን የሚያስለቅሰውን። ለጉልበቴ ነው።

አክስትሽ


ህዳር 6

ይድረስ ለአክስቴ፣

የጻፉልኝ ደብዳቤ ደርሶኝ ሳነበው ከአጠገብዎ የተቀመጥኩ መሰለኝ። ለመንታዎቹ እናት ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ፤ አስራ ሦስተኛዋ ተማሪዬ አድርጌ መዝግቤያታለሁ ይበሉልኝ።

ክሩን ለኩሼ አየሁት። ብዙዎቻችን ጥጥ ነው ብለን የገዛነው ሁሉ ዶቃ ሆኖ አረፈው። ግን እትዬ፣ ልጅ ሳለሁ ሲያስተምሩኝ «አመዱን ተዪው፣ ሽታውን ያዢ» አልነበር የሚሉኝ? ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ ናይለን የተቃጠለ ጎማ። አሁን ግን የጻፉልኝ ስለ አመዱ ብቻ ነው። እርጅና መጣ እንዳልል እፈራለሁ።

ያልተነከረውን ውሰዱ ያሉትን ለሁሉም ነገርኳቸው። ሁላቸውም እሺ ሲሉ መምህርቷ ብቻ እምቢ አሉ። ምክንያታቸውን ስነግርዎት ይረዱኛል። ባለፈው ዓመት ታመው ሰባት ወር ሆስፒታል ነበሩ። አንሶላው ነጭ፣ ግድግዳው ነጭ፣ ልብሱ ነጭ። «ነጭ ጠግቤያለሁ፤ ከእንግዲህ የምለብሰው ሕይወት ያለው ነገር እንዲመስል እፈልጋለሁ» አሉን። አረንጓዴ ይሁን አሉ። ሌላ ማን አፍ ይከፍታል? አረንጓዴ ሆነ።

ይህንንም ማወቅ አለብዎት። ከህክምናው በኋላ ቆዳቸው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ሆኗል። ከሱቅ የገዙት ሁሉ ያሳክካቸዋል። ልብስ ፍለጋውን የጀመርነው ለወንዙ ነበር፣ አሁን ግን የእሳቸው ነገር በልጦብኛል። ስለዚህ ነው ሌላ ሰው ማመን ያቃተኝ። ልኩን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ላስቲክ የሌለው፣ ሰፋ ያለ ሱሪ ነው የምናሰፋው፤ ከመካከላችን ልብስ ሰፊ አለች፣ እርስዎ ጨርቁን ብቻ ይላኩልን።

ከረር ያለውን ቅባት ልኬያለሁ። እኔም ጠዋት ጠዋት የምቀባው እሱን ሆኗል። ብስክሌት ጠጋኙ ደረጃውን ስወጣ ሳያየኝ «ደህና አደርሽ አስተማሪ» ይለኛል፣ በቅባቱ ሽታ አውቆኝ።

የእህትዎ ልጅ


ጥር 3

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። ስለዘገየሁ ይቅር በይኝ።

ጨርቁን ልኬዋለሁ። ለሌላ ሰው እጅ አልሰጠሁትም። ከፎርማኑ ቁልፍ ተቀብዬ በእረፍት ቀን ብቻዬን ገብቼ፣ ራሴ ነክሬ፣ ራሴ ለቅልቄ፣ ራሴ ነው ያሰጣሁት። አረንጓዴው የለጋ ቅጠል አረንጓዴ ሆኗል። ሲደርቅ ዝም ብዬ ቁጭ ብዬ አየሁት። ከሰራኋቸው ሁሉ እንዲህ ያማረ አላስታውስም።

በአፍንጫዬ አልፏል።

ቅባቱ ደርሶኛል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከዚህ የበረታ አይገኝም ወይ?

አክስትሽ


የካቲት 21

ይድረስ ለአክስቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ነዎት? እኔ ደህና ነኝ ብል ውሸት ነው።

ጥቅሉን የከፈትነው ቅዳሜ ሁላችንም ተሰብስበን ነበር። ቀለሙን ሲያዩ ሁሉም እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። ወዲያው ግን የሆነ ነገር አፍንጫዬን ወጋኝ። ዓይናችን አነባ። ልብስ ሰፊዋ ሮጣ መስኮት ከፈተች። «ይሄ ነገር ደህና ነው?» አለችኝ። እኔ ምን እንዳልኳት ልንገርዎት? «መንገድ ላይ ታፍኖ ነው፣ አክስቴ አሽትታዋለች» አልኳት። በቀላሉ ልናጥበው እንችል ነበር። በእርስዎ አፍንጫ ያለፈ ጨርቅ ማጠብ ግን እርስዎን መጠራጠር መሰለኝ። የራሴን አፍንጫ ትቼ የእርስዎን አመንኩ።

የመጀመሪያው ሱሪ የተሰፋው ለመምህርቷ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ለብሰው መጡ። እንደ ልጅ ዞር ዞር እያሉ አሳዩን። ግማሽ ሰዓት አልሞላም፣ ተንጋለው እግራቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ሳሉ ፊታቸው ተለወጠ። ሰው ማስቸገር ስለማይወዱ ወገባቸውን ብቻ በእጃቸው ያዙ። ሱሪውን ስናወልቅላቸው ከወገባቸው እስከ ጉልበታቸው በእሳት የተጠበሰ ይመስል ነበር። ብስክሌት ጠጋኙ ተሸክሞ ነው ከደረጃው ያወረዳቸው። ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ተኙ፣ በዚያው በጠገቡት ነጭ አንሶላ ውስጥ።

አሁን ወጥተዋል፣ ቁስሉም እየደረቀ ነው። እኔን አልወቀሱኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እትዬ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። ጥቅሉ መንገድ ላይ ተቀይሮ ይሆን? ሌላ ሰው ነክቶት ይሆን? ወይስ በእርግጥ አሽትተውታል?

የእህትዎ ልጅ


መጋቢት 25

ይድረስ ለአክስቴ፣

ደብዳቤዬ እንደደረሰዎት ፖስታ ቤቱ ነግሮኛል። መልስ ግን የለም። ታመው ይሆን ብዬ እሰጋለሁ። ተቆጥተው ይሆን ብዬም እሰጋለሁ። የጻፍኩት ከልክ አልፎ ከሆነ ይቅርታ። ሁለት መስመርም ቢሆን ይጻፉልኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያለ እርስዎ ማን አለኝ?

የእህትዎ ልጅ


ሚያዝያ 14

ለእህቴ ልጅ፣ ለጭራሮዬ፣

ይቅርታ ከምርቃት ይቅደም። ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የኔ ንጋት ሁለት ዓመት ፈጀ።

አላሸተትኩትም። ማለቴ አፍንጫዬን አስጠግቼዋለሁ፣ ግን አይሸተኝም። ምንም አይሸተኝም ልጄ። ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው።

በአንድ ቀን አይደለም የሄደው። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው የወሰደኝ። መጀመሪያ ሳሙናው ሽታ አነሰው አልኩ፣ ቀጥሎ ጉንፋን ነው አልኩ። አንድ እሁድ ድስት ጥጄ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ ቀሚስ ስጠግን ጎረቤቴ በሩን በርግዳ ገባች። «ምነው እትዬ፣ አይሸትዎትም?» አለች። ዞር ስል ቤቱ ጢስ በጢስ ሆኗል። ያን ጊዜ አወቅኩት። እንቅልፍ ወስዶኝ ነው አልኳት።

ለምን እንደደበቅኩ ልትጠይቂኝ ትችያለሽ። እዚህ ግቢ ውስጥ ስሜን የሚጠራ የለም፣ «እትዬ አፍንጫ» ነው የሚሉኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የምታወቅበት እሱ ነው። አፍንጫዬ ከሄደ እኔ ማን ነኝ አልኩ። የባሰው ደግሞ ያንቺ ሻርፕ ነው። ሁለቱንም በቆርቆሮ ሳጥን ከድኜ አስቀምጫቸዋለሁ፣ አንድ ቀን አፍንጫዬ ቢመለስ ሽታሽ ወጥቶ እንዳይጠብቀኝ ብዬ። ቅባቱም ለጉልበቴ አልነበረም። ከአፍንጫዬ ስር እየተቀባሁ ራሴን ስሞክርበት ነበር። ዓይኔ ያነባል፤ ሽታ ግን የለም።

ታዲያ ሁለት ዓመት ጨርቁን እንዴት አሳለፉት ትይኛለሽ። ፊታቸውን እያየሁ ነበር። ጥጉን ጨምቄ አፍንጫዬ ላይ ሳደርግ በጎን የመንታዎቹን እናት አያለሁ። ፊቷን ቋጠር ካደረገች ይመለስ እላለሁ፣ ዝም ካለች ይለፍ እላለሁ። እሷ የኔን ቃል ትጠብቃለች፣ እኔ የእሷን ፊት እጠብቃለሁ። እንዲህ እንደ ሁለት ሌባ ተጠባብቀን ኖርን፣ እሷ ግን ሌባ መሆኗን አታውቅም።

ያንቺ ጨርቅ ሲመጣ የዚያች መምህርት ነገር አንጀቴን በላው። ሌላ እጅ አይንካው አልኩ። በእረፍት ቀን ብቻዬን ገባሁ። ብቻዬን! ፊቱን የማየው ሰው አልነበረም። ደግሞ በስራ ቀን ገንዳው ላይ ንጹህ ውሃ ሲወርድ ይውላል፣ በእረፍት ቀን ግን፣ ኋላ እንደሰማሁት፣ ዋናው የውሃ መስመር ይዘጋል፤ ገንዳው ውስጥ የሚቀረው ማያዣ የጠጣ ያለፈው ቀን ውሃ ነው። ሲያዩት ጥርት ያለ ነው። እሱን ውሃ የምለየው በማሽተት ነበር። ሶስት ጊዜ አይደለም፣ ለመምህርትሽ ስል ስድስት ጊዜ ለቀለቅኩት። ስድስት ጊዜ መርዙን አጠጣሁት። በሌላ ቀን፣ በሌላ ሰው ፊት፣ ግድ ሳይሰጠኝ ሰርቼው ቢሆን ንጹህ ይወጣ ነበር።

አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል ይባላል። የኔ አፍንጫ ሲመታ ግን የተቃጠለው የሰው ገላ ነው።

ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ሳምንት ሙሉ እንደ ሬሳ ሰነበትኩ። ከዚያ አንድ ማለዳ ገንዳው ዳር ቆሜ ሁሉም ባለበት ተናገርኩ። ፎርማኑ ደነገጠ፣ እጄን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝ። «እትዬ፣ ማን ጠየቀዎት? ደንበኛ ቢሰማስ?» አለኝ። «ደንበኛዋ የእህቴ ልጅ ናት፣ ሰምታለች» አልኩት። የመንታዎቹ እናት ግን ሄዳ የኮምጣጤ ጠርሙስ አመጣችና ሴቶቹን አንድ በአንድ ዓይናቸውን ጨፍነው እንዲያሸቱ አደረገች። ከዘጠኛችን አራታችን አልሸተተንም። ሦስቱ እስከዚያች ሰዓት ድረስ አያውቁም ነበር። አንዷ ገና ሠላሳ ዓመቷ ነው።

ሐኪሙ የማያዣው እንፋሎት ነው፣ ቀስ እያለ ገድሎታል አለኝ። ይመለሳል ወይ ስለው ወረቀቱን አየ እንጂ እኔን አላየኝም። ፎርማኑ አሁን ወደ ማጣጠፊያው ክፍል አዛውሮኛል፤ በተዘዋዋሪ እንደ ቅጣት ነው። አንቺ ዘጠኝ ዓመት የሰራሽው ስራ ደረሰኝ። ጀርባሽ ለምን እንደታመመ አሁን ገባኝ።

መምህርትሽን እግራቸው ስር ወድቄ ይቅርታ እንደጠየቅኳቸው ንገሪልኝ። ቅባት አትላኪልኝ። ሻርፕም አትላኪልኝ፣ የማላነበውን ደብዳቤ ምን አደርገዋለሁ?

አክስትሽ


ግንቦት 9

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምሳሳልዎት አክስቴ፣

ፈጣሪ ያጽናዎት፣ እኔንም ያጽናኝ። ደብዳቤዎን ደረጃው ላይ ተቀምጬ አነበብኩት፣ እዚያው አለቀስኩ። ብስክሌት ጠጋኙ መጥቶ አጠገቤ ቆሞ ሄደ።

ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም። የእኔ አፍንጫ እየሰራ ነበር፣ ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ። ይህንንም ለመምህርቷ ነግሬያቸዋለሁ።

ደብዳቤዎን ሙሉውን አነበብኩላቸው። አራቱ ሴቶች ጋ ስደርስ እጃቸውን አነሱና አስቆሙኝ። «ስለ ዓሳው ሆድ ስንጨነቅ ጨርቁን የሚያሸተው ሰው አፍንጫ ትዝ አላለንም» አሉ። ከዚያ «ለአክስትሽ ጻፊላት፤ ቆዳዬ ድኗል፣ የእሷ አፍንጫ ግን አልዳነም፤ ይቅርታ ጠያቂዋ እሷ መሆን አልነበረባትም በይልኝ» አሉኝ። ቃላቸውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነው የጻፍኩልዎት።

አረንጓዴውን ጨርቅ ማጠብ ፈራን፤ አጠብነው ማለት መርዙን ወደ ወንዙ ሰደድነው ማለት ነው። የቀለምና የመድኃኒት ትርፍራፊ ወደሚሰበሰብበት ቦታ ወሰድኩት። ሰውየው «ይሄን የመሰለ ጨርቅ?» ብሎ አዘነ። እኔም አዘንኩ።

አሁን አዲስ ልብስ ፍለጋውን ትተነዋል። በየቁም ሳጥኑ ያለውን አወጣን። መምህርቷ አርባ ጊዜ የታጠበ የባለቤታቸውን ሸሚዝ ለብሰው ይመጣሉ፣ እኔ የሆስፒታሉን የስራ ሱሪ። ክፍሉ የልብስ መሸጫ ሳይሆን የልብስ ማስጫ መስሏል። ሰውነታችን ግን እንደ ድሮው ይዘረጋል።

ሻርፕ አትላኪ ያሉኝን አልሰማም። የእናቴን ልማድ እርስዎም ቢሆኑ አይሽሩትም። ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ፣ ዓመቱን ሙሉ አንገቴ ላይ የነበረ ነው። አልታጠበም።

የእህትዎ ልጅ


ሰኔ 20

ለእህቴ ልጅ፣ ለጭራሮዬ፣

ዕድሜሽ ይርዘም። እኚያን ወይዘሮ ፈጣሪ ከክፉ ሁሉ ይጠብቅልኝ። ቃላቸውን በወረቀት ጽፌ ትራሴ ስር አድርጌዋለሁ።

ገንዳው ላይ አሁን የአፍ መሸፈኛ መጥቷል። ቀጭን ነው፣ ግን መጥቷል። ማሽተቱንም በየወሩ እየተለዋወጡ ነው የሚያደርጉት፣ አንድ አፍንጫ ብቻውን እንዳይሞት ብለው። አራት ጊዜ ይለቀለቃል። ቦዩ ግን እንደ ድሮው ነው፣ ዛሬም ሰማያዊ ሲወርድ አይቼዋለሁ። እንዳልዋሽሽ ብዬ ነው የምነግርሽ።

ሻርፑ ደረሰኝ። ሦስት ቀን ሳልፈታው ተቀመጠ። በአራተኛው ቀን ይዤው ወደ ስራ ሄድኩ። ምሳ ሰዓት ላይ የመንታዎቹ እናት ማጣጠፊያው ክፍል መጣች፣ ጠረጴዛው ላይ ተደግፈን ቆምን። «ደብዳቤ አንብቢልኝ» አልኳት። ሻርፑን ስሰጣት ግራ ገባት። ስነግራት ግን አልሳቀችም፣ እሷ እንኳ አልሳቀችም። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተቀበለችኝ። ዓይኗን ጨፈነች፣ እንደ እኔ እፍ ብላ አሞቀችው፣ አፍንጫዋን ቀበረችበት።

«ምን ይላል?» አልኳት።

«ትንሽ ጎማ ጎማ ይላል።»

«እሱ ብስክሌት ጠጋኙ ነው። ሌላስ?»

«አልቅሳበታለች መሰለኝ፣ ይሄ ጥጉ የከረረ ነው።»

«ሌላስ?»

እንደገና አሸተተችው። ዓይኗን ገልጣ አየችኝ። «ሌላማ እትዬ፣ እርስዎን እርስዎን ነው የሚለው» አለችኝ።

ሃያ ዓመት ጎን ለጎን ቆመን ኖረናልና ጠረኔን ታውቀዋለች፤ የሁለታችንን ያመሳሰለው ቅባታችን ይሁን ደማችን እንጃ። እኔ አላውቀውም፤ አፍንጫዬ ደህና በነበረ ጊዜም አላውቀውም ነበር፣ ሰው የራሱን አያሸትም። ለካ እዚያ፣ ባህር ማዶ፣ አንቺ አንገት ላይ ነበርኩ።

ሻርፑን ተቀብያት አንገቴ ላይ ጠመጠምኩትና ወደ ማጣጠፌ ተመለስኩ።

አክስትሽ